አንድ ስንዝር ክፍት

ከቆቦ በወጣሁበት ዋዜማ፣ ማታ፣ ከእናቴ ጋር የተጣላነው በልብስ ነው። ሰው ልጁን ዓረብ ሀገር ሲሸኝ ያለቅሳል፣ ይመርቃል፣ ጎረቤት ይጠራል። እኛ ቤት ግን እኔ ከሳጥኑ በዚህ በኩል፣ እማ በዚያ በኩል ተቀምጠን ክዳኑን እንጓተት ነበር። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ሻንጣዬን እያሰረች "ኧረ በአሏህ፣ ሰው ቢሰማ ምን ይለናል!" ትላለች።

"የኔ አይደለም እንዴ?" አልኩ።

"ያንች ነው። መች የኔ ነው አልኩ?"

"ታዲያ ልውሰደዋ!"

"አላለቀማ!"

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግጥምጥም ነው፣ ሌሊት ለብሰውት የሚተኙት። እማ፣ ስሟ ፋጦ ነው፣ ያረጀ ልብስ ጥላ አታውቅም። የአባባ ሽርጥ፣ አሏህ ይማረውና፣ የአጎቴ ሸሚዝ፣ የአያቴ ሻሽ፣ የሰዓዳ የልጅነት የኢድ ቀሚስ፣ ሁሉም በመዳፍ ልክ ይቆረጥና አንዱ ካንዱ እየተገጠመ ይሰፋል። ከስር አቡጀዲ ይደረግለታል፣ መሃሉ ላይ ጥጥ ይነጠፋል፣ ከዚያ ዙሪያው በእጅ ይዘጋል። የሰፈራችን ሰው ድሪቶ ይለዋል። እማ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ግን ቡና ሳይቀርብለት ነው የሚሄደው። "ድሪቶ የለማኝ ነው፤ ይኼ ግጥምጥም ነው" ትላለች።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አለው። ሲያልቅ ግን ሙሉ በሙሉ አያልቅም። እማ ዙሪያውን ትዘጋና በመጨረሻው ጠርዝ ላይ አንድ ስንዝር ሲቀር መርፌውን ትነቅላለች። ያችን ስንዝር የሚዘጋት ባለቤቱ ነው። ጎጆ ሲወጣ፣ እናቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ እጁ ይሰፋታል። ሰዓዳ በሠርጓ ማግስት እንዲያ አድርጋ ወስዳለች፤ ሂናው ገና ከእጇ ሳይለቅ መርፌ ይዛ ስትሰፋ አይቻታለሁ። የኔ ግን ገና ነበር። ሦስቱ ጠርዝ ተዘግቷል፣ አራተኛው እንዳለ ክፍት ነው፤ ባልም ቤትም የለኝም።

"እዚያው እዘጋዋለሁ" አልኩ።

"የት?"

"ጅዳ።"

እማ የሳጥኑን ክዳን ለቀቀች። አየችኝ። እሷ ሰው ስታይ አንድ ዓይኗን ትንሽ ጨፈን ታደርጋለች፤ ገበያ ላይ የቅቤ ሻጭ የምታየው እንዲህ አድርጋ ነው። "ጅዳ ቤትሽ ነው? እዚያ ልትቀሪ ነው የምትሄጅው?" አለች።

"ኧረ እማ! ሠርቼ ልመጣ ነው።"

"እንግዲያ ስትመጭ ትዘጊዋለሽ። እኔ ቁሜ እያለሁ ይኼ ልብስ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

በእሱ ፈንታ ከራሷ ቀሚስ የተቆረጠች፣ ዙሪያዋ የተሰፋች፣ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ሰጠችኝ። በኩርፊያ ተቀበልኳት። ሊነጋጋ ሲል አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ስንጠብቅም አኩርፌ ነበር፤ ጀርባችን ላይ ዞብል ተራራ ጠቁሮ ይታያል፣ ሰዓዳ ታለቅሳለች፣ እማ ደግሞ ረዳቱን "ይኼ መኪና ፍሬን አለው?" እያለች ትመረምረዋለች።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ሰው አላምንም። የተማርኩት ከማን እንደሆነ ደግሞ አሁን አያችሁ። እናንተ እዚያ ሀገር ቤት ያላችሁ "ሃዋ በዓረብ ሀገር ተበላሽታ ነው እንዲህ የሆነችው" እንዳትሉ፣ ከቆቦ ይዤው የወጣሁት ነው። እዚህ ላላችሁት እህቶቼ ደግሞ የምመክረው ይህንኑ ነው። አለማመን ጎድቶኝ የሚያውቀው አንዴ ብቻ ነው፤ ያንን ነው አሁን የምነግራችሁ።

ጅዳ ስገባ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አየሩን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስወጣ ሙቀቱ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ የጣሉብኝ መሰለኝ። የኛም ቆላ ይሞቃል፣ ግን የኛ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስር ከተቀመጡ ይተዋል። የዚህ ጥላም አይፈራ። "እንኳን ግጥምጥሙን አላመጣሁት" ብዬ ለእማ በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩ። ማዳም ቤት ስገባ ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። መከይፍ የሚሉት ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን ይነፍሳል፣ የኔ ክፍል ደግሞ አፉ ስር ናት። የራያ ልጅ በበረሃ ሀገር በብርድ ጥርሷ ሲንገጫገጭ አስቡት! የሰጡኝ ብርድ ልብስ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ሲነኩት እሳት ይተፋል። የእማን ቁራጭ አንገቴ ስር አድርጌ እተኛ ጀመር።

ማዳም አገኘችው። አንድ ቀን ሥራ ጨርሼ ክፍሌ ስገባ አልጋዬ ፊት ቆማ፣ ቁራጩን በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥላ፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍታ ጠበቀችኝ። ስልኩ ውስጥ ያለው የመክተቡ አስተርጓሚ ነው፤ መክተብ የሚሉት ሠራተኛ የሚያስመጣውን ቢሮ ነው።

"እህቴ፣ ማዳም ይህ ምንድን ነው ትላለች።"

"የእናቴ ቀሚስ ነው።"

ተረጎመላት። መልሳ ተናገረች። "እናትሽ ይቺን ታክላለች ወይ ትላለች።"

"ቁራጩ ነው በላት!"

"ለምን ተቆረጠ? ዙሪያውስ ለምን ተቋጠረ ትላለች።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በራሱ አማርኛ፣ "እህቴ፣ ለኔ እውነቱን ንገሪኝ። ሲህሩ ለባልየው ነው ወይስ ለሴትየዋ?" አለኝ። ሲህር ድግምት ማለት ነው፤ በዚህ ሀገር ቀልድ አይደለም፣ ወህኒ ያስገባል።

"ለብርድ ነው!"

"በዚህ ሙቀት?" አለ።

ቁራጩ የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ተነከረ፣ ቁርኣን ተቀራበት፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ከዚያ በመቆንጠጫው ተይዞ ተመለሰልኝ። በጅዳ ከተማ ከሱ የጸዳ ጨርቅ ያለ አይመስለኝም። ማዳም ግን ከዚያ ወዲህ እኔ የቀዳሁትን ሻይ ድመቷ ካልቀመሰች አትጠጣም ነበር። ደግነቱ ድመቷ ሻይ ትወድ ነበር።

ኮንትራቴ ካለቀ በኋላ ማዳም ወደ ሀገሬ አልሸኝም፣ ደሞዜንም አልጨምርም አለች። ጥዬ ወጣሁ። ከፊሌ፣ አሠሪ ተብሎ የተመዘገበው ባሏ፣ ጠፍታለች ብሎ አመለከተብኝ፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ተቃጠለ፣ ማለት ተሰረዘ። አሁን ቀን ቀን ሰው ቤት እያጸዳሁ፣ እንደኔው ከወጡ የወሎ ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል እኖራለሁ። መንገድ ላይ የፖሊስ መኪና ሳይ ሱቅ እገባለሁ። የማልገዛውን ሳሙና አንስቼ አገላብጬ ያሸተትኩበት ሱቅ ብዛቱ! ወደ ሀገር ልመለስ ብል መንገዱ አንድ ነው፣ በተርሒል፣ ማለት ታስሮ መላክ ነው።

የእማን ነገር መጠርጠር የጀመርኩት በዚህ መሃል ነው። በእኛ በኩል ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሲለቀቅ ደወልኩ። ሰዓዳ አነሳች፣ አለቀስን፣ ሁሉም ደህና ነው አለች።

"እማን አገናኝኝ።"

"ጎብዬ ሄዳለች፣ አክስቴ ዘንድ።"

እሽ። በሌላ ቀን ደወልኩ። "ሶላት ላይ ናት" አለች።

"በዚህ ረፋድ የምን ሶላት?"

"ዱሃ ነዋ! ዱሃ ሶላት አታውቂም? ዓረብ ሀገር ተቀምጠሽ!"

እማ ዱሃ መስገዷን ሰምቼ አላውቅም። በሌላ ቀን ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል ተባለ። እሽ፣ በድምፅ መልእክት አንድ ቃል ትላክልኝ አልኩ። ተላከልኝ። የእማ ድምፅ ነው፣ ልቤ ቀለጠ፣ ሄጄ ሄጄ መጨረሻው ላይ "እንኳን አደረሰሽ ልጄ፣ ኢድ ሙባረክ" ትላለች። የምን ኢድ! ኢድ ካለፈ ስንት ጊዜው! አሮጌውን መልእክቷን ነው መልሰው የላኩልኝ።

እኛ ሀገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሀገር ላለ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። "በባዕድ ሀገር ብቻዋን ልቧ ይሰበራል" ይባልና ሟቹ በስልክ ዓመታት ይኖራል። ጎብዬ ይሄዳል፣ ይሰግዳል፣ ጉንፋን ይይዘዋል። ከእኛ ክፍል አንዷ፣ የወርቄ ከተማ ልጅ፣ አባቷ እንደሞተ ያወቀችው ሀገር ቤት ገብታ መቃብሩ ፊት ስትቆም ነው። ይህን እያወቅሁ እንዴት ልመን? ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ቀን ሰው ቤት መስታወት ስወለውል እንባዬ ይወርዳል። ሞታ ከሆነ ልወቅ፣ ካለችም ልወቅ፤ ሌላ ነገር ከአሏህ አልለመንኩም።

ከዚያ ሰይድ መጣ። ሰይድ ከቆቦ አጠገብ የዋጃ ልጅ ነው፣ በሹፌርነት ኮንትራት ገና መግባቱ ነበር። እቃ አምጥቻለሁ ብሎ ደወለልኝና ከምንኖርበት ሕንፃ ስር ተገናኘን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ትልቅ ነገር። ከረጢቱን ስነካው ለስላሳ ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"እኔንጃ፣ ሰዓዳ ናት የሰጠችኝ" አለ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

"እማን አየሃት?"

"አየኋት፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ምን አለችህ?"

"ሰላም በልልኝ አለች።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

እናቴ ሌላ ምንም አትልም? ለመንገደኛ ሰላምታ ስትሰጥ የበጉን መታመም፣ የጎረቤቷን ጠብ፣ የስኳሩን መወደድ ሳትነግረው የማትለቅ ሴት "ሰላም በልልኝ" ብላ ዝም? ሰይድን እዚያው ትቼ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ።

ክፍላችን ውስጥ እትዬ ሉባባ ብቻ ነበሩ። የደሴ ሴት ናቸው፣ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ እዚህ የማያውቁት ጉዳይ የለም። ከረጢቱን ፈታሁት። ግጥምጥሜ ነው። የአባባ ሽርጥ፣ የአያቴ ሻሽ፣ ሁሉም በቦታው አለ፤ የሳጥናችን ሽታ እንኳ አልለቀቀውም። ቁሜ እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም ያለችው ልብስ ጅዳ መጥቷል።

ጠርዙን ያዝኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እማ ግራኝ ናት። ምግብ በቀኟ ትበላለች፣ በልጅነቷ ተገርፋ ለምዳዋለች፤ መርፌ ሲሆን ግን ማንም አላስጣላትም። ጠርዝ ሲዘጋ ክሩ እየተሻገረ ዘንበል ዘንበል ይላል። የቀኝ እጅ ሰው ሲሰፋ ወደ አንድ ወገን ይዘማል፣ የእማ ወደ ሌላው። እኔና ሰዓዳ ልጆች ሳለን የማን ስፌት እንደሆነ ዓይናችንን ጨፍነን በጣታችን እንለይ ነበር። ሦስቱን ጠርዝ ዳበስኩ። እማ ናት። በቁራጯም ላይ ዳበስኩ፣ እማ ናት። አራተኛውን፣ እኔ ስወጣ ክፍት የነበረውን፣ ዳበስኩ። ክሩ ወደ ወዲያኛው ወገን ዘሟል። ደግሞ አካሄዱ የተንጋደደ ነው፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። መጨረሻው ላይ አንድ ስንዝር ክፍት ተትቷል። ሰዓዳ ናት የጨረሰችው፤ ሥርዓቱን አክብራ ስንዝሯን ለኔ ትታልኛለች። እማ ብትኖር ሰዓዳን ታስነካታለች?

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም።

"ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?" አሉኝ እትዬ ሉባባ።

"እማ ሞታለች።"

"ማን ነገረሽ?"

"ጠርዙ።"

"የምን ጠርዝ?"

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው አዩት። "አንች ልጅ፣ ክር ወደዚህ ዘመመ ተብሎ ሰው ይሞታል?" አሉ።

"ሰይድንም ጠየቅሁት። ፊቱን አዞረ።"

"አዞረ?"

"አዞረ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ኡኡ! የኔን ነገር!" ብለው ከኔ በላይ ድምፃቸውን ለቀቁት።

ሰዓዳ ጋ ደወልን፣ መስመር የለም። ደግመን ደወልን፣ የለም። ማታውን ክፍሉ ሞላ። የወልዲያዋ መጣች፣ የወርቄዋ መጣች፣ ከጎብዬ የመጣች አንዲት ልጅ ከሥራ ቤቷ ሹልክ ብላ መጣች። የሀገራችን ወንዶች በሌላ ክፍል ተሰብስበው ሶላተል ጋይብ ሰገዱላት፤ ሬሳው ሩቅ ላለ ሰው የሚሰገደው ነው። አልቅሰው አስለቀሱኝ፣ አበሉኝ፣ በየተራ አደሩልኝ። ያን ያህል ሰው እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ በሰው ሀገር ያየሁት ትልቁ ደግነት በውሸት መርዶ ነው የመጣው። ሐሪሱ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ ደጋግሞ በሩን አንኳኳ። እኔ ዓረብኛዬ የቤት ሠራተኛ ዓረብኛ ስለሆነ እትዬ ሉባባ አነጋገሩት።

"እዚህ ክፍል ስንት ሰው ነው የሚኖረው?"

"ለቅሶ ነው፣ ጎረቤቶች ናቸው።"

"ማን ሞተ?"

"የዚች እናት።"

"ሬሳው የት ነው?"

"ቆቦ።"

"ቆቦ የት ነው?"

"ኢትዮጵያ።"

"ታዲያ ሄዳችሁ እዚያ አልቅሱ!" አለ። ከዚያ ግን ወደ ኔ አየና "አሏህ ያጽናሽ" ብሎ ወረደ፤ ሲመለስ አንድ እሽግ ቴምር ይዞ ነበር።

ለቅሶው ሊበተን ሲል ስልኬ ጠራ። ሰዓዳ ናት። መስመሩ ተለቋል። ስልኩን ሳነሳ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትሳደባለች።

"ምን አደረግሽን አንች? ምን አደረግሽን?"

እስክትረጋጋ ብዙ ቆየ። የሆነው እንዲህ ነው። ያች ከጎብዬ የመጣችው ልጅ ለእናቷ ደውላ "የሃዋ እናት አርፋለች፣ እዚህ ለቅሶ ተቀምጠናል" ብላለች። የጎብዬ መስመር ይሠራ ነበር። እናቷ ለአክስቴ ነገረች። አክስቴ "ቆቦ ለቆቦ ሆነው እህቴን ደብቀው ቀበሩብኝ!" ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ሚኒባስ ሙሉ አልቃሽ ይዛ፣ ከአስፋልቱ ጀምራ "ፋጦዬ! እህቴዋ!" እያለች መጣች። እማ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር።

"የጩኸቱን መምጣት ስትሰማ የራሷ ስም መሆኑ አልተሰማትም" አለችኝ ሰዓዳ። ድምጿ አሁን ቀንሷል። "ያንች መርዶ ነው የመሰላት። ሃዋ፣ እማ ተነሳች።"

"እንዴት ተነሳች? ከምን ተነሳች?"

ያን ጊዜ ነው የደበቀችኝን የነገረችኝ።

እማ ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ግራ ጎኗ ከዳት። ሐኪም ቤት ስትሮክ ብለዋል። ግራ እጇ አይታዘዝም፣ እግሯ አይታዘዝም፣ አንደበቷም ተይዟል፤ ድምፅ ታወጣለች እንጂ ቃል የላትም። ስለዚህ ነው የምትሰግደው፣ ስለዚህ ነው ጎብዬ የምትሄደው። ከታመመች ጀምሮ ሰው ሳይደግፋት ቁማ አታውቅም። የዚያን ለት ግን ሞቼባት መስሏት ብቻዋን ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ አክስቴ ላይ ወደቀች። አክስቴም አቅፋት መሬት ተቀምጣ፣ "ፋጦ! አንች ሞተሻል እኮ!" አለቻት፣ እንደ መቆጣት ብላ።

"ለምን ደበቅሽኝ?" አልኩ።

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እመጣ ነበራ!"

"በምን? በምን ትመጫለሽ?"

እትዬ ሉባባ አጠገቤ ሆነው ሁሉን ይሰማሉ፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ ይሰማል። አንዷ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ያ የማይለቀኝ ጥርጣሬ መጣብኝ። አሁንም አላመንኳትም።

"ሰዓዳ፣ ውሸት አትጨምሪብኝ። የግጥምጥሙን ጠርዝ ያንች እጅ ነው የሰፋው።"

"የኔ? እኔ እሱን ሳጥን ልነካ! የእማ ነው።"

"ወደ ወዲያኛው ወገን ነው እኮ የዘመመው!"

"ግራ እጇ የታለና! በቀኟ ነው የሰፋችው። ጨርቁን በጉልበቷ ይዛ፣ ክሩን በጥርሷ እየጎተተች። ጣቷን እየወጋችው ስንት ቀን ተበጣበጥን፤ መርፌውን ብቀማት ትጮህብኛለች። ስትጨርስ በሩን አሳየችኝ። ላኪላት ማለቷ ነው። ቁሜ እያለሁ አይወጣም ስትል አልሰማሽም? አሁን አልቆመችማ።"

ስልኩን ወደ ቪዲዮ ቀየረችው። እማ አፏ ወደ አንድ ወገን ተስቧል። ቀጥናለች። ግራ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል። አየችኝ፤ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ እንደ ቅቤ ሻጭ አየችኝ። እውነት እኔ መሆኔን እያጣራች ነበር። ያን ጊዜ ነው እናቴ መሆኗን ያመንኩት።

ግጥምጥሙን አሁን እለብሰዋለሁ። የዚህ ክፍል መከይፍም ቢነፍስ አይሰማኝም። ሰይድን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ "ፊቴን ያዞርኩት ላለማልቀስ ነው" አለኝ፣ ይህንን እንኳ ለማመን ትንሽ ጊዜ ወስዶብኛል። አራተኛውን ጠርዝ ማታ ማታ በጣቴ እዳብሰዋለሁ። ሲጀምር ክሩ የሚሄድበትን አያውቅም፣ መሃል ላይ ትንሽ ይስተካከላል፣ ወደ መጨረሻው ደክሟት እንደሆነ ያስታውቃል። ክፍቷን ስንዝር እኔ አልነካኋትም። ጥጡ በዚያ በኩል ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ለቅሜ መልሼ በጣቴ እከተዋለሁ። አንድ ቀን እትዬ ሉባባ ሊረዱኝ አስበው መርፌ ሲያስገቡ ደረስኩና ጮህኩባቸው። ተቀየሙኝ፤ ነገሩን ስነግራቸው ግን መርፌውን ራሳቸው ወስደው ቆለፉበት።

ስለ ተርሒሉ በየቀኑ አስባለሁ። እጄን ብሰጥ ታስሬም ቢሆን እገባለሁ። ከዚያ የእማ መድኃኒት በማን እንደሚገዛ አስባለሁ፣ ተመልሼ መውጫ እንደማላገኝ አስባለሁ፣ ሀገሩ ተረጋግቷል የሚሉኝን አላምንም፣ አልተረጋጋም የሚሉኝንም አላምንም። ናፍቃኛለች። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

ዓርብ ዓርብ ሰዓዳ ትደውላለች፣ እማን ታስቀምጥልኛለች። ሰላምታ የለም፣ ቃል የላትም። ቀኝ እጇን ታነሳና በአየር ላይ ስንዝር ትለካለች። አሳይኝ ማለቷ ነው። ግጥምጥሙን አምጥቼ ጠርዙን ለካሜራው አቀርባለሁ።

"ክፍት ነው እማ" እላለሁ።

ፊቷን ስልኩ ላይ ትለጥፋለች፤ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል፣ ጨፈን ያለው። አታምነኝም። ያለፈው ዓርብም አላመነችኝም። ጣቷን ወደ ፊት ወጋ፣ ወጋ አደረገችብኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፣ ሰዓዳም አልገባትም። ኋላ ገባኝ። ጣቴን በክፍቱ አስገባሁና በጥጡ ውስጥ አንቀሳቀስኩላት። እማ አየች፣ አየች፣ ከዚያ ጨፈን ያደረገችውን ዓይኗን ገልጣ ከስልኩ ራቀች።